ሰማያዊዋ ፒክአፕና የሐጂ ሦስት ቀን

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2003

ነጯን ፒክአፕ ልገዛት ነው። አለቀ። ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ራሴ ነዳኋት፤ ኮሽ ሳትል ወረደች። ደላላው አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ዶክተር፣ ይቺ መኪና አይደለችም፣ ሙሽራ ናት» ሲለኝ ነበር። ዶክተር መባሉን አልጠላሁትም። በእንስሳት ሕክምና ከተመረቅሁ አምስት ወሬ ነው፤ እስካሁን ያከምኩት ግን የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው።

ማታ ለአባባ ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው።

«ስትመለስስ?» አለ።

«ስመለስማ በሚኒባስ መጣሁ።»

«እንግዲያ የሞከርከው ቁልቁለቱን ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጋሪም ይወርዳል።»

አፍሬ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ለደላላው ደወልኩለትና ሽቅብ ካልነዳኋት አልገዛም አልኩት። «ባለቤቱ የለም።» «ነዳጅ የላትም።» «ዳገቱን ምን አስቸኮለህ፣ ከገዛህ በኋላ ስትወጣበት ትኖር የለ!» ሙጭጭ አልኩበት። ከኮምቦልቻ ወጥተን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ የሙቀቱ መርፌ ጣሪያ ነካ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ደላላው ምንም ሳይደነግጥ ከወንበሩ ኋላ ውሃ የሞላ ጀሪካን ጎትቶ አወጣ። ተዘጋጅቶበታል!

«ሙሽራዋ ጀሪካን ይዛ ነው እንዴ የምትሄደው?» አልኩት።

«ሙሽራስ አይጠማትም፣ ዶክተር?»

ሳልወድ ሳቅሁ። ቀሪውን መንገድ በሰው መኪና መጣሁ።

አሁን ግን ሳቁ አልፏል። ፒያሳ ላይ የዶሮ መኖና የከብት መድኃኒት የሚሸጡት እትዬ ዘሀራ፣ እስከ ሰኞ መኪና ይዤ ከመጣሁ የኩታበርንና የቢስቲማን መስመር ይሰጡኛል፤ መኖውን እያደረስኩ እግረ መንገዴን አክማለሁ። ካልሆነ ባለ መኪና የሆነ ሌላ ሰው አላቸው። የምገዛበት ብር ደግሞ የአባባ ነው፣ ለኋላዬ ብሎ ያስቀመጠው፣ ሁሉም። ብሳሳት ሌላ የለም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

የምፈልጋት መኪና፦
— ዳገት የምትወጣ
— መለዋወጫዋ ደሴ የሚገኝ
— ስምንት ኩንታል የማይከብዳት
— ከአባባ ብር የማታልፍ
— ቢቻል ነጭ

እትዬ ዘሀራ ኮምቦልቻ ወዳሉት የእህል ነጋዴ፣ ወደ ሐጂ እንድሪስ ላኩኝ። ፒክአፓቸው ሰማያዊ ናት፤ ነበረች ማለት ይሻላል፣ ፀሐይ በልቷታል። ሐጂ ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። እንዴት ናት ብላቸው ነውሯን ይቆጥሩልኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ትለግማለች። ሦስተኛው ማርሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። የቀኝ በሯ ከውስጥ አይከፈትም።

«ሌላው ደህና ነው? ወላሂ ይበሉኝ።»

«ሆዷ ውስጥ አልገባሁ ልጄ፣ በማላውቀው አልምልም። ውሰዳትና ሦስት ቀን ንዳት። ልብህ ካልወደዳት መልሳት፣ ብርህን ትወስዳለህ። ቅር አልልም።»

ቀዘቀዝኩ። ገና ሳይሸጥ ስለ መመለስ የሚያወራ ሰው፣ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር አይደል? ደላላው በነቢዩም በጊዮርጊስም በአንድ ትንፋሽ ምሎልኝ ነበር።

ተመልሼ ለእትዬ ዘሀራ ብነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «አይ አንተ፣ መማርህ ለዶሮ ብቻ ነው! ይሄ እኮ የእኛ የንግድ ወግ ነው። ገዥ እንዳይታለል የሚሰጠው ቀን ነው። ነውር ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው። ይልቅ መሐላ የሚያበዛውን ፍራ። አብሽር፣ ሂድና ውሰዳት።»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ወሰድኳት። በሁለት ምስክር ተፈራረምን፤ ብሩ ከሐጂ ዘንድ፣ ሊብሬውም ከሐጂ ዘንድ። ቀኔ ቅዳሜ መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል።

ዳገቱን ወጣች! ቀስ ብላ፣ እያጉረመረመች። የጫነ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ አለፈን፣ ግድ አልሰጣትም። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ብቻዬን ዘፈንኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ጠዋት በአራተኛው ሙከራ ተነሳች። ከእትዬ ዘሀራ ስምንት ኩንታል መኖ ለሙከራ ጭኜ ኩታበር ሄድኩ። መኖውን የተረከቡኝ ዶሮ የሚያረቡ ቄስ ናቸው። መመረቄን ሲሰሙ ክንዴን ይዘው ወደ ዶሮዎቻቸው ወሰዱኝ። አምስቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። የታመሙትን ለየሁ፣ መድኃኒት ሰጠሁ፣ ውሃቸውን አስቀየርኩ። «እግዜር ይስጥህ ሐኪም» አሉኝ። ሐኪም! ደላላው ዶክተር ሲለኝ እንዲህ አልሞቀኝም ነበር።

በዚያ ደስታ ከግቢያቸው ስወጣ ድንጋዩን አላየሁትም። ጓ! የፊት መከላከያው ብረት ጎበጠ። ጎንበስ ብዬ ባይ ከራዲያተሩ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ድንጋዩ ነው? ወይስ ቀድሞም ነበር? አላውቅም። ደሴ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ቆሜ ሞላሁላት።

ነገ ሦስተኛው ቀን ነው። ብረቱን አስቃንቼ፣ ራዲያተሩን ሞልቼ፣ «አልወደድኳትም» ብዬ መመለስ እችላለሁ። ሐጂ አያዩትም። የአባባም ብር ይተርፋል።

ይህን ጽፌ ሳነበው ደላላው አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ለአባባ ሁሉንም ነገርኩት። «ሰውዬው ነውሯን ነግሮሃል። አሁን ተራው ያንተ ነው» አለኝና ጀሪካን ሞልቶ ሰጠኝ።

ኮምቦልቻ ወርጄ ሐጂን ፊት ለፊት ነገርኳቸው፣ ድንጋዩንም፣ ጠብታውንም፣ ሌሊት ያሰብኩትንም ጭምር። የመጨረሻውን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ከመንገዱ ማዶ መካኒክ አስጠሩ። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ቆየና፣ «የብረቱ ጉዳት ትኩስ ነው። የራዲያተሩ ግን የቆየ ነው፣ ዝጓል፤ ድንጋዩ አሰፋው እንጂ አልጀመረውም» አለ።

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። «አላየሁትም ነበር። አላህ ያውቃል። ብረቱ ያንተ፣ ራዲያተሩ የኔ።» እሳቸው አስበየዱ፣ እኔ አስቀጠቀጥኩ። ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

«እህስ፣ ትመልሳለህ ወይስ ትይዛታለህ?»

«እይዛታለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ክርስቲያን ነኝ እኮ ሐጂ።»

«እንግዲያ በሚካኤል በል፣ እኔን አይቸግረኝ!»

በሚካኤል አልኩ። ሊብሬውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። መግሪብ ገና አልደረሰም ነበር።

ዳገቱን ዓይኔን ከመርፌው ሳልነቅል ወጣሁ። ፒያሳ ስደርስ እትዬ ዘሀራ ከሱቃቸው ወጥተው ዞሯት። «ማሻላህ፣ ስታስጠላ!» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ሰኞ በሁለት ሰዓት ና ጫን። መጀመሪያ ቢስቲማ ነህ።»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 10

የብየዳው ነገር ያሰጋኛል። ዛሬ ሦስት ጊዜ ከሥሯ ገብቼ አየሁ፤ ደረቅ ነው። የቢስቲማን መንገድ ግን አላውቀውም። እንጃ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን እንዳጣፋ መኪናዋ አጠገብ ቆመ። እስከ ዛሬ አልተሳፈረባትም ነበር። «እስቲ ዞር ዞር አድርገኝ» አለ። ገባ። ስለ ማርሹ ጠየቀኝ፣ ስለ ጎማው ጠየቀኝ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ብሩን የሚያስብ መሰለኝ። ፒያሳ ልንደርስ ስንል መስኮቱን እስከ ታች አወረደና ክርኑን አወጣ። ከዚያ በኋላ መንገደኛውን ሁሉ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም፣ አንድ ሳያስቀር ሰላም አለ።