የጽኑ ሕሙማን ክፍላችንን ጩኸት ያረገቡት ዋና ነርስ ኅልፈት

ከሆስፒታሉ ማኔጅመንትና ሠራተኞች የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የሆስፒታላችን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ዋና ነርስ የነበሩትና ሠራተኛው ሁሉ «እታለም» እያለ የሚጠራቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ለዓመታት በመሩት ክፍል ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ከሰዓት በኋላ አርፈዋል። ዜናው ከክፍሉ ወጥቶ የጥበቃው በር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ የልብስ እጥበት ሠራተኞች ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው በኮሪደሩ ተላቅሰዋል። ሆስፒታላችን የደረሰበትን መሪር ሐዘን ለመላው ሠራተኛ፣ በእጃቸው ለዳኑ ሕሙማንና ለኅብረተሰቡ ያስታውቃል።

እታለም የነርስነት ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደዚህ ሆስፒታል የመጡት ጽኑ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና ሕሙማን በመጋረጃ ብቻ ተለይተው በሚተኙበት ዘመን ነው። መከታተያ ሞኒተር እንደ ልብ ስላልነበረ የልብ ምትን በጣታቸው፣ ትንፋሽን በዓይናቸው መከታተል የግድ ነበር። በሥራ ቁጡ እንደነበሩ መሸሸግ አያስፈልግም፤ እጁን ሳይታጠብ ወደ ታማሚ የተጠጋ ሐኪም ማዕረጉ የቱንም ያህል ቢሆን ከምላሳቸው አያመልጥም። ጨዋታም ያውቁ ነበር። ከማደንዘዣ ነቅቶ «የት ነው ያለሁት?» ለሚላቸው ሁሉ «እኔ እጅ ነው የገቡት፣ ከዚህ የባሰ አይመጣም» ይሉት ነበር።

ክፍሉ ወደ አዲሱ ሕንፃ በተዛወረበት ዓመት እያንዳንዱ አልጋ የራሱን ሞኒተር፣ የመተንፈሻ መሣሪያና የመድኃኒት ፓምፕ አገኘ። ከመሣሪያዎቹ ጋር ጩኸቱም አብሮ ገባ። ታማሚው ሲያስል ይጮኻል፤ ጣቱ ላይ የተሰካው መለኪያ ሲንሸራተት ይጮኻል፤ የግሉኮሱ ከረጢት ሊያልቅ ሲል ይጮኻል። አብዛኛው የውሸት ጥሪ ነበርና ሠራተኛው ቀስ በቀስ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ጀመረ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጠዋት የሥራ ርክክብ ላይ፣ የተፈራው ደረሰ። ከጣሪያ ወድቆ በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዳ የነበረ የአንድ አናጺ ሞኒተር ያለ ምክንያት ደጋግሞ ስለጮኸ፣ ተረኛዋ ነርስ ድምፁን ለጊዜው ዘግታው ነበር። በዚያው መሐል የመተንፈሻ ቱቦው ከመሣሪያው ተላቀቀ። እታለም ርክክቡን እያዳመጡ በመስታወቱ በኩል የሰውየውን ከንፈር ጠቁሮ አዩትና ሮጡ። ሲደርሱ ልቡ ቆሟል። ቱቦውን አስገጥመው ደረቱን ራሳቸው እየተጫኑ የልቡን ምት መለሱት። አናጺው ተረፈ።

ባለቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታ ነበር። «ማሽኑ ለምን አልጠራችሁም?» አለቻቸው።

«ሲጠራን ነው የከረመው፤ ሰምተን ሰምተን ሰለቸን» ብለው እውነቱን ነገሯት።

ጉዳዩን ያየው ኮሚቴ ተረኛዋን ከሥራ ለማሰናበት ተቃርቦ ሳለ እታለም ቃላቸውን ሰጡ። «ይቺን ልጅ አባርራችሁ ሌላ ብታመጡ እሷም ትዘጋዋለች። የማሽኑ ማስጠንቀቂያ ለሽማግሌውም ለጎረምሳውም በአንድ ልክ ነው የተሞላው፤ እንዴት አይጮኽ? ለየሰው ለየሰው እንሙላው» አሉ። የሕክምና ዳይሬክተሩ ስጋታቸውን አልደበቁም፦ «ልኩን አላልተን ሰው ቢሞትብንስ? ማን ሊጠየቅ ነው?» እታለም «እኔ» ብለው ተቀመጡ። ነርሷ በሥራዋ እንድትቀጥል፣ ሐሳቡም በጥቂት አልጋዎች እንዲሞከር ተወሰነ።

ከሐኪሞችና ከሕክምና መሣሪያ ባለሙያው ጋር ሆነው የማስጠንቀቂያውን ልክ በየታማሚው ሁኔታ አስተካከሉ። ልቡ በተፈጥሮው ዝግ ብሎ ለሚመታ የብስክሌት ተወዳዳሪ መሣሪያው መጮኽ አቆመ። የከረጢት ማለቅና የልብ መቆም በአንድ ዓይነት ድምፅ እንዳይነገሩ ተለያዩ። ደረት ላይ የሚለጠፉት መለኪያዎችም ደርቀው በከንቱ እንዳያስጮኹ በየጊዜው እንዲቀየሩ ተደረገ።

የሙከራው ሰሞን ለክፍሉ ጭንቅ ነበር። ጸጥታው ራሱ አስፈራ። ነርሶች «ተበላሽቶ ይሆን?» እያሉ ከአልጋ ወደ አልጋ ይመላለሱ ነበር፤ እታለምም ምሳቸውን ከሞኒተሮቹ ሥር ቆመው ይበሉ ጀመር። ዳይሬክተሩ ሊጎበኙ በመጡበት አንድ ቀን ቀትር ላይ አንዱ መሣሪያ ጮኸ። በክፍሉ የነበረ ሁሉ ዞረ። በቀዶ ሕክምና የተገላገለች እናት ነበረች፤ የደም ግፊቷ እየወረደ፣ ሆዷም ውስጥ እየደማች ነበር። አልጋዋን እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ካደረሷት መካከል አንዱ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ። ሐኪሞቹ ደሙን እስኪያቆሙት እታለም ከበሩ አልተነቃነቁም። እናቲቱ ከልጇ ጋር በሰላም ወደ ቤቷ ገባች። ዳይሬክተሩ ያን ዕለት ያሉት «የዛሬውን ሁላችንም ሰማነው» ብቻ ነበር፤ አሠራሩ በሁሉም አልጋዎች እንዲሆን የፈቀዱትም በዚያው ሳምንት ነው።

በቀጠሉት ዓመታት እታለም ከሌሎች ሆስፒታሎች የመጡ ነርሶችን ጭምር አሠልጥነዋል። ከሥራ ልትሰናበት የነበረችው ነርስ ዛሬ የክፍሉ ምክትል ኃላፊ ስትሆን፣ በመጨረሻ ሕመማቸው ያስታመመቻቸውም እሷ ናት።

እታለም አልጋ ከያዙ በኋላ መምህርት ልጃቸው ዓይኗን ከሞኒተሩ መንቀል አቅቷት ነበር። «እማዬ፣ ቁጥሩ ወረደ» ስትላቸው «ሳጥኑን ተይው፣ እኔን እይኝ። እሱን የሚያዩ ሰዎች አሉ» አሏት። ሕክምናው ሊመልሳቸው እንደማይችል ሐኪሞች በገለጹ ጊዜ፣ በራሳቸውና በቤተሰባቸው ፈቃድ የአልጋቸው መሣሪያ ድምፅ እንዲጠፋ ተደርጓል። ያረፉት ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ፣ የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑት ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው የዕለቱን የመንገድ መጨናነቅ እያጫወቷቸው ነው።

ሆስፒታላችን ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ቤተሰቡን ብቻውን እንደማይተወውም ያረጋግጣል።

የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ነገ ከሰዓት በኋላ ይፈጸማል። ከዚያ አስቀድሞ በግቢው ውስጥ ሠራተኛው ተሰብስቦ የኅሊና ጸሎት ያደርጋል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተረኞች ግን አይወጡም፤ ከሕሙማኑ አጠገብ ሆነው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።