የባለአሞሌው ቤት ጭስ

እታለሜ አስካለ፣

አፈር ከለበስሽ ወዲህ ክረምት ሁለቴ ቆቦ ላይ መጣ። በሁለቱም ጎርፉ ከደጋ እየተንደረደረ ሲወርድ፣ ውሃውን ወደ ማሳው እንዲመራ ያንቺን ያህል ጮኾ ገበሬውን የሚጠራ ሰው አልተገኘም። ዘንድሮ እኔ ሞክሬ ነበር። ሰዉ ወጥቶ አየኝና፣ ልብስ ሰፊው መርፌ ወጋው መሰለኝ እያለ ተመልሶ ገባ።

መጀመሪያ የቤትሽን ወሬ ልንገርሽ። ስፌት መኪናዬን ይዤ እዚያው ገብቻለሁ፤ ልጆቹን እየጠበቅሁ ነው እላለሁ፣ እነሱ ደግሞ እኔን እየጠበቁ እንደሆነ ያወራሉ። ዘውዴ ቁመቷ ካንቺ በልጧል፤ ቁጣዋ ግን ያው ያንቺው ነው። መኮንን ትምህርት ቤት ገብቶ እኔን ማረም ጀምሯል። እኔ ፊደል የለቀምኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ መሆኑን ያውቃልና፣ አንድ ቃል በተሳሳትኩ ቁጥር «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ወረቀቱ ተቀዶ ነበር እንዴ?» ይለኛል። ይኼንን ከማን እንደተማረ አልጠይቅም።

ሌላም አለ። ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደዋል። መሬትም ላራሹ ነው ተብሏል። ይኼን ስትሰሚ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ «እንግዲህ ጀመረህ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬ፣ ዛሬ እውነቱን ይዤ ብመጣም የሚያምነኝ የለም።

ለነገሩ በአሮጌው ቆቦ ስላሉት ሙታን ከእኔ የበለጠ ያወራ ሰው የለም። በገበያ ዋዜማ ማንም ሳይቀመጥባት የምታልፈውን በቅሎ፣ ሆርማት ወንዝ ወርዳ ነጠላዋን የምታጥበውን የሞተች ሙሽራ፣ ሁሉንም ለደንበኞቼ አውርቻለሁ። ሱሪ ሲጠብቅ የሚቆም ሰው ወሬ ይፈልጋል። ከሁሉም የተወደደልኝ ግን የባለአሞሌው ታሪክ ነበር። ከገበያው በታች፣ ጣራው ግማሹ የቀረለት የድንጋይ ቤት የእሱ ነበር ይባላል። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው በግመል የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር፤ ዘመድ ሳይኖረው ሞተና ሰው ሬሳውን ትቶ ጨዉን ተሻማ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት ስንጥር እንኳ ያወጣ ሰው ጥም ይይዘዋል፤ ወንዝ ቢጠጣ አይረካም። ይኼን ያወሩን አያታችን ናቸው። እኔ የጨመርኩበት ትንሽ ነው፤ ግመሎቹን፣ ሳሉን፣ አንድ ዓይኑንና ጥላውን ብቻ።

አንቺ ግን ፍየልሽ እዚያ ቤት ገባችብሽና ተከትለሻት ገብተሽ በጆሮዋ ጎትተሽ አወጣሻት። ስትወጪ ባለአሞሌውን «ዳግመኛ ፍየሌን ብታስገባ ጠቤ ከአንተ ጋር ነው» ብለሽዋል ተብሎ እስከ ዋጃ ተወራ። ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ፍየሏ ግን እውነት ናት።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። በስድሳ አምስት ዝናቡ ቀረ፤ ማሽላው ሳያዘረዝር ደረቀ። ከብቱ አለቀ። ሰው ከየመንደሩ እየወጣ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር መቶ እጅ ይዘረጋ ነበር። የእኔም ስፌት ቆመ። ልብስ የሚያሰፋ ቀርቶ የለበሰውን ያልሸጠ ሰው ጠፋ።

በየቤቱ ግን ከምድጃው በላይ ለዘር የተንጠለጠለ የማሽላ ዛላ ነበር። ዘር ጭስ ካልነካው ነቀዝ ይጨርሰዋልና እሳት ካለበት አይርቅም። በደህናው ዘመን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በዚያ ዓመት ግን ልጆች በጀርባቸው ተንጋለው ጣራ ጣራውን ያዩ ነበር። የአንቺም ልጆች ያዩ ነበር። እናት ሁሉ እያደር አንዳንድ ዛላ ማውረድ ጀመረች። ዘሩ እንዲህ ካለቀ ደግሞ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ የለም፤ ረሃቡ ሌላ ዓመት ይደግመናል። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን። ምን እንደሚደረግ ያወቅሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።

ክርስቲያኑንም እስላሙንም ጎረቤት በየደጁ እየዞርሽ የቀረውን ዛላ ለመንሽ። የልጆች ዓይን በማያርፍበት ቦታ ሰቅለን አብረን እናጭሰው አልሽ። ሰጡሽ፤ ሌላ ሰው ቢጠይቃቸው አይሰጡም ነበር። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣሽና ሥራ በፈታው መኪናዬ ላይ ክንድሽን አስደግፈሽ እንዲህ አልሽኝ፦

«ያ ባለአሞሌህ እስከ ዛሬ ወሬያችንን ሲበላ ኖሯል፤ አሁን ተነስቶ ዘር ይጠብቅልን።»

ዘሩን በዚያ የድንጋይ ቤት ሰቀልነው። አንቺ በየዕለቱ ኩበት ታጨሻለሽ፤ እኔ ገበያ ላይ አወራለሁ። ሰው ከማይኖርበት ቤት ጭስ ሲወጣ ያየ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ፊቴን አጥቁሬ፣ ባለአሞሌው እንግዳ ሊቀበል እሳት እያነደደ ነው እላለሁ። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ጠፋ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሳቅ የተናገርኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ፤ ያሠራሽውም አንቺ፣ አንድ ቀን እንኳ ያላመንሽበት ሴት።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ዘንግተን ነበር። ባለአሞሌውን የሚፈራው ታሪኩን የሚያውቅ የቆቦ ሰው ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው የሚያውቀው ጭስ ብቻ ነው፤ ጭስ ካለ እሳት አለ፣ እሳት ካለ ድስት አለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኩበት ተሸክሜ ስመጣ፣ በዋጃ በኩል የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሽማግሌው ይማምና ልጅ ያዘለች ምራታቸው ከፊት ነበሩ፤ ከኋላቸው ሌሎችም፣ መቆም ያቃታቸው። ቶሎ ብዬ ባለአሞሌውን አወራሁላቸው። ከዚህ ቤት የወሰደ ጥም ይይዘዋል ስላቸው ሴትየዋ እንኳን ልትደነግጥ፣ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«ጥሙንስ ለምደነዋል፤ ድስቱ የት ነው?» አለችኝ።

እንደዚያ ቀን ወሬ አጥቼ አላውቅም። አንቺ ከውስጥ ወጣሽ፣ እኔን በክርንሽ ገፋ አደረግሽና አስገባሻቸው። ቀና ብለው ዛላውን አዩ። ስንቱ ቤት ያጠራቀመው፣ ጭስ ያጠቆረው እህል ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሏል። እኔ አለቀልን ብዬ ነበር። አንቺ ግን ፍርጥ አድርገሽ ነገርሻቸው፦

«ባለአሞሌ የሚባል የለም፤ ወንድሜ ውሸታም ነው። ይኼ ዘር ነው፤ የሰፈሩ ሁሉ ነው። እንብላው ካላችሁ የምከለክልበት ጉልበት የለኝም። ከተዋችሁት ዝናብ ሲመጣ ከእኛ እኩል ትካፈላላችሁ። ዛሬ የእኔን ምሳ እንካፈላለን፤ ነገም እንዲሁ።»

አባባ ይማም እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ዛላ ዳበሱት፣ አሸተቱት።

«ደጋሊት ማሽላ ነው፤ እኛ የእኛን በልተነዋል» አሉ።

ከዚያ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለዘሩ ሰጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ከሰዓት በኋላ አንቺ ከራስሽ እስር አንድ ዛላ አውርደሽ ለምራታቸው ልጅ ቆላሽለት። ከዚያ ቤት የተበላው እሱ ብቻ ነው። ልጁ አልተረፈም። እናቱን ደግፈሽ የቀብሩ ቦታ ድረስ የሄድሽው አንቺ ነሽ፤ እዚያም ከእሷ ጋር እስኪበቃት ቆየሽ።

ምሳሽ ደግሞ ምን ነበር? ከእርዳታ ዱቄት የተሠራ ቀጭን አጥሚት፣ እሱም ለልጆችሽ ከተሰጠ በኋላ የተረፈው። እሱን ነው ያካፈልሽው፤ በየቀኑ። ልብስሽን በመርፌ ባጠበብኩልሽ ቁጥር ደግሞ ይሰፋሽ ነበር። እንደ ልማዴ ቀልጄብሽ፣ አንቺም ሳቅሽ። ጎረቤቶቹም ለእንግዶቹ የገባሽውን ቃል በሰሙ ጊዜ ከመቆጣት ይልቅ የቻሉትን አንድ አንድ ጭብጥ እያመጡ ድስትሽ ላይ ጨመሩ። እነ አባባ ይማም ቤቱን በየተራ ጠበቁት፤ ኩበቱንም እነሱ ይለቅሙ ጀመር።

ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ ወረደ። ዛላው ከጣራው ወርዶ ተወቃ፤ ሁሉም የየራሱን ወሰደ፣ እንግዶቹም ቃል እንደገባሽላቸው ተካፈሉ። ዘራችሁ። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ከእንግዶቹ ብዙዎቹን ይዞ የነበረው ተስቦ አንቺንም ያዘሽ። ከቆምሽበት ያስቀመጠሽ ያየሁት እሱ ብቻ ነው። እሸቱን ሳታዪ ሄድሽ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። በቀደም አንዲት የሮቢት ሴት ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ወሬ ጀመረችልኝ። ለእኔ፣ ወሬ! በድንጋዩ ቤት ያለው ነጋዴ ሄዷል፤ አሁን ያለችው ጭስ ጭስ የምትሸት ረጅም ሴት ናት፤ ዘር ሊሰርቅ የገባ ሰው ሳሏን ይሰማል አለችኝ። መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ከዚያ ስለማን እንደምታወራ ገባኝና ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

ዘውዴ ስትሰማ አለቀሰች። እናቴ ጋኔን አይደለችም፣ ገበያ ወጥተህ ውሸት ነው በል አለችኝ። ልወጣም ተነስቼ ነበር። ያስቆሙኝ አባባ ይማም ናቸው፤ እዚሁ ቀርተው የማሳሽ ጎረቤት ሆነዋል። ባለፈው በጋ እንደገና እህል ሳስቶ ነበር፤ ሰዉ ማንም ሳያዘው ዘሩን ወስዶ የድንጋዩ ቤት ሰቀለው፤ ያለ ጠባቂ ከርሞ አንድ ዛላ አልጎደለም አሉኝ። እሷን አስነስተህ ማንን ልታስቀምጥበት ነው? ብለው ጠየቁኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ እታለሜ፣ እንዳትቆጪኝ፣ አላስተባብልም። ለዘውዴና ለመኮንን ግን እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሲያድጉም እንደገና እነግራቸዋለሁ። በገበያው ደግሞ ሰው ረጅም ነበረች ሲል፣ አጭር ነበረች እላለሁ። ታስላለች ሲል፣ አይደለም ትቆጣለች እላለሁ። ሌባ ታንቃለች ያለኝን ደግሞ ሥራዬን አቁሜ አስቀምጠዋለሁ፤ የራበው ሰው ሲገባባት መጀመሪያ ምሳዋን እንዳካፈለች ሳይሰማ አይሄድም። እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ ላይ አንዲት ቃል አልጨምርም።

ወንድምሽ