ሰባተኛው ጥያቄ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ የሚሻልሽ ለእኔ ስታወሪኝ ብቻ ነው? አባዬስ? መነጽሩን አሠራ ወይስ አሁንም በፕላስተር አጣብቆ ነው የሚያነበው? እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆችም አይከፉም።

ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ስላልሆነልኝ ነው የጻፍኩት። ሐሳቤ ተምታቶብኛል፤ ወዲያና ወዲህ ካልኩብሽ ታገሺኝ።

የመመረቂያ ጥናቴ ልጃቸው ሞቶ ስለተወለደባቸው እናቶች ነው። ሆስፒታሉ ምን አላቸው፣ ልጁን አሳያቸው ወይ፣ ወዴት ወሰደው የሚል። ለምን መረጥሽው ሲሉኝ፣ ለልምምድ የገባሁበት ክፍል አንዲት ሴት ልጄን አላሳዩኝም እያለች ስታለቅስ አይቼ ነው አልኩ። እውነቴን ነበር።

እኛ ዘንድ ተማሪ ሰው ከመጠየቁ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ጥናቱ ሰው እንዳይጎዳ የሚመረምሩ አምስት መምህራን ናቸው። ሰብሳቢዋ ጡረታቸው የደረሰ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሰባተኛውን ጥያቄዬን፣ “ልጅዎን አይተውታል?” የሚለውን፣ ጮክ ብለው አነበቡና የምትጠይቂያት ሴት ብታለቅስ ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ። ውሃ እሰጣታለሁ አልኩ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ከዚያስ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩበትም ነበር። ቀጥለው ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኝሽ የግል ነገር አለ ወይ አሉኝ። የለም ብዬ ፈረምኩ። እማዬ፣ ስፈርም እውነት መስሎኝ ነው።

ፈቀዱልኝ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ለማውቃት አንዲት ሴት አንብቤ ቃላቱ እንደማይከብዱ እንዳረጋግጥ። ከሆስፒታሉ መዝገብም ያለፉትን አምስት ዓመታት ቁጥር ብቻ እንድወስድ፣ ያውም የስም ዓምዱን በካርቶን ሸፍኜ።

እሑድ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ስድስቱን ጥያቄ ልብስ እየጠቀመች ሰማችኝ። ሰባተኛው ላይ መርፌዋ ቆመ። “እናትሽ ነገረችሽ?” አለችኝ። ምኑን ስላት፣ ምንም፣ ወጥ ጥጄ ረሳሁት ብላ ማድ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። እኔን ተይኝ፣ እናትሽን ጠይቂያት አለችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ በር ድረስ መጥታ አይ፣ አትጠይቂያት አለች። የቱን ልያዝ?

ማክሰኞ መዝገብ ቤት ገባሁ። እዚያ የሚሠሩት ሰውዬ ደግ ናቸው። አምስቱን ዓመት ስጨርስ፣ እኔ እዚሁ ሆስፒታል የተወለድኩበትን፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የነበረውን መዝገብ እንዲያወርዱልኝ ለመንኳቸው። ማህተም ያለው ወረቀት ይዘሻል፣ እኔ ምን ቸገረኝ ብለው መሰላል ላይ ወጡ፤ አቧራውንም በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉልኝ። ያ ዓመት አልተፈቀደልኝም ነበር። ካርቶኑንም አነሳሁት።

ስምሽን አገኘሁት። የአባትሽ ስም ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳቱም አንቺ ነሽ። ሁለት ቦታ ተጽፏል፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ በአንድ ቀን። ቀኑን አልጽፍልሽም፤ መታወቂያዬ ላይ ያለው ነው። በአንዱ መስመር “ሴት፣ በሕይወት” ይላል። በሌላው “ሴት” ብሎ ሰረዝ ብቻ፤ ተረካቢ በሚለው ቦታ ደግሞ “ሆስፒታሉ”። ሰዓቶቹ ላይ ቀለም ፈስሶ አይነበቡም፤ ከሁለታችን ማን እንደቀደመች አይታወቅም።

ምን እንደተሰማኝ ብነግርሽ በወደድኩ። አላለቀስኩም። የመጣልኝ በልደቴ ቀን ሁሌ በጠዋት ብቻሽን መውጣትሽ ነው። እናትሽ ጉዳይ አላት ይለኝ ነበር አባዬ። ከእኔ የሚበልጥ ምን ጉዳይ ኖሯት ነው ብዬ አኮርፍ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አኮረፍኩብሽ?

በማግስቱ ሰብሳቢዋ ቢሮ ሄጄ ያደረግኩትን ሁሉ ተናገርኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አያውቁም፣ ያታለልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ጥናቱ ለጊዜው ይቁም፣ ኮሚቴው ይወስናል፣ ዘንድሮ ላትመረቂ ትችያለሽ አሉኝ። እሺ አልኩ። እናቴን ልጠይቃት ወይስ ልተወው ብዬ ስጠይቃቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። “እሱን የሚፈቅድልሽም የሚከለክልሽም ኮሚቴ የለም፣ ልጄ” አሉኝ።

ስለዚህ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህ ደብዳቤ ራሱ መጠየቅ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለሌሎቹ ሴቶች ባዘጋጀሁት ቅጽ ላይ፣ መመለስ ግዴታ አይደለም፣ በመሃል ማቆም ይቻላል፣ ዝም በማለትዎ የሚቀርብዎ ነገር የለም ብዬ ጽፌ ነበር። ለማላውቃቸው ሰዎች ስጽፈው ቀላል ነበር። ላንቺም የምለው ያው ነው።

ስለ ምረቃው ለአባዬ እኔው እነግረዋለሁ። አክስቴንም አትቆጫት፣ አንድ ቃል አላወጣችም። ለልደቴ ቤት እመጣለሁ። በጠዋት ስትወጪ ብትቀሰቅሺኝ አብሬሽ እሄዳለሁ። ባትቀሰቅሺኝም አላኮርፍም።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ልብሽን ያሳርፍልኝ።

ታላቅ ትሁን ታናሽ የማታውቀው
ልጅሽ