ፊቱ ወደ እኔ ነበር

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ልብስ የምትሰፊላቸውን ሰዎች ታች በር ላይ አቁመሽ ነው የምትለኪያቸው? ጋሼስ ሳሉ ተሻለው? ሲጋራውን እንዲተው ቆጣ በይልኝ፤ ካንቺ በቀር የሚፈራው ሰው የለም። እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ በጽሑፍ ይሻላል።

አሁን የጨረስነው ፊልም እንደተለመደው የመኪና ማባረር ነው፤ ከገንዘቡ ድፍረቱ የበዛበት። መኪናችን አንዲት አሮጌ ታክሲ ናት። ባለፈው ፊልም የፖሊስ ነበረች፣ ከዚያ በፊት የሌባ፤ ግድግዳ በታከከች ቁጥር ቀለሟ ይላጥና የድሮ ሥራዋ ብቅ ይላል። ዳይሬክተሩን «አንዴ ብቻ» ነው የምንለው፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃሉ ነው። ሁለተኛ የሚሰበር መኪና የለማ! ዋናዋ ተዋናይት መሪ ጨብጣ ስለማታውቅ፣ የእሷን ዊግ አጥልቄ የምነዳው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን «አንዴ ብቻ» አዲስ ሐሳብ መጣለት። ቁልቁለቱን ስወርድ ዓይኔ ብቻ በቅርብ እንዲቀረጽ ፈለገ። ለዚህ ደግሞ ካሜራ አንሺው ኮፈኑ ላይ መታሰር አለበት፤ ፊቱን ወደ እኔ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጎ። ካሜራ አንሺያችን ደግሞ፣ እንደምታውቂው፣ ባሌ ነው።

መካኒኩ በገመድና በጭነት መኪና ቀበቶ ጠፍሮ አሰረው። ባሌ እየሳቀ፣ «ለገበያ የሚወሰድ በግ አስመሰልከኝ እኮ» አለው። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ፍሬኑን ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ይይዛል። መካኒኩም «በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፣ አትስጊ» አለኝ።

ወረድን። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍን ፍሬን ስረግጥ እግሬ ባዶ አገኘ። ፔዳሉ ወለሉን ነካ፤ መኪናዋ ግን ጭራሽ ባሰባት። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሽቦው ተበጠሰ። ማርሽ ቀነስኩ፤ ሞተሩ አጓራ እንጂ አልያዛትም።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። ፍሬን የበጠሰች መኪና የሚያቆማት ነገር ሞልቷል፤ ግንብ አለ፣ ዛፍ አለ። ቀበቶዬን አምኜ አፍንጫዋን አንዱ ላይ እሰካት ነበር። አሁን ግን አፍንጫዋ ላይ ባሌ አለ።

እሱ መንገዱን አያይም፤ የሚያየው እኔን ነው። ደንግጦ ቢወራጭ ገመዱ ይላላል ብዬ ፊቴ እንዳይለወጥ ታገልኩ። ግን አብሮኝ የኖረ ሰው አይደል? ገባው። ካሜራውን ሳያወርድ አንገቱን ወደ ጎን አውጥቶ በባዶ ዓይኑ አየኝ። ከንፈሩ ስሜን ሲጠራ በፊት መስታወቱ አሻግሬ አየሁት።

ታች መታጠፊያው ላይ ማንም እንዳይቆም ተብሎ ነበር። ቀረጻ አለ ሲባል ግን ማን ቤቱ ይቀመጣል? እናቶች ልጅ አዝለው፣ ተማሪዎች ቦርሳቸውን እንዳነገቱ መንገዱን ሞልተውታል። ክላክስ ነፋሁ። የፊልሙ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

በስተግራ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። በስተቀኝ የመጋዘን ግንብ ነው።

መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ።

እታለም፣ አሸዋውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ግንበኞች ያራገፉት ክምር ከጭነት መኪናው ጀርባ ብቅ አለ። ባለ በሌለ ኃይሌ መሪውን መልሼ ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። መንገዱ ላይ የፈሰሰው አሸዋ ጎማዋን አንሸራተተው፤ ተሽከረከረችና በጀርባዋ ክምሩ ውስጥ ገባች። ሞተሩ ጠፋ። ሕዝቡ አሁንም ያጨበጭባል። «አንዴ ብቻ» እየሮጠ መጥቶ «እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም!» እያለ መስታወቱን ይደበድባል።

ባሌን ጭረት እንኳ አልነካውም። መካኒኩ ገመዱን በቢላ ቆረጠለት። ወረደ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ውኃ ጠየቀ።

ፍርሃት ቤታችን የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ምግብ ሲቀርብ ጎኔ ይቀመጣል እንጂ ፊት ለፊቴ አይቀመጥም። አይቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «አሸዋውን ከማየትሽ በፊት ምን ነበር የምታዪው?» አለኝ። «መንገዱን» አልኩት። «እሺ» አለ። ክሩን ፈታና እንደገና አሰረው።

ዓይኔን ፊልሙ ውስጥ አስገብተውታል። ሲያሳዩን ሰው ሁሉ «ወይ ትወና!» አለ። ባሌ ግን መብራቱ እስኪበራ ደጅ ቆየ። እናንተ ከተማ ቢመጣ እባክሽ አትግቢ። አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ፤ ሌላው የማያነበውን ታነቢዋለሽ።

በዚያ መንገድ ሳልፍ እነዚያን ልጆች አያቸዋለሁ። ለይተውኛል፤ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። እኔም አወዛውዛለሁ። ከዚያ ቤቴ እገባና እሱን አየዋለሁ።

ትናንት «አንዴ ብቻ» መጣ። ለሚቀጥለው ፊልም ያንኑ ዓይነት ነገር ይፈልጋል፤ ለኔ እረፍት ብሎ ሌላ ሾፌር ማግኘቱንም ነገረን። ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። ባሌ ግን፣ «እሷ ካልነዳች አልታሰርም» አለ። ይህን ሲል ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ቀጥ ብሎ አየኝ። እምነት ይሁን ፈተና አላወቅኩም፤ ለመጠየቅም ልብ አላገኘሁም። «እሺ» አልኩ።

ቀረጻው ሰኞ ነው። እንደምትጸልዪልኝ አውቃለሁ። ለእሱም ለእኔም ብለሽ አትድከሚ፤ መንገዱ ባዶ እንዲሆን ብቻ ጸልዪልኝ።

ክፉ ነገር በደጅሽ አይለፍ፤ እድሜሽን ለእኔ ብሎ ያርዝመው።

እጅሽ ላይ ያደገችው ታናሽሽ