ይርዳው የአንቺን ልጅ ክርስትና እንዳያነሳ

ይድረስ ለእትየ የምስራች፣ ገንዳ ውሃ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ጠና ወይ? ሕፃኑስ እንቅልፍ ይሰጥሻል ወይስ እንደ አጎቱ ሌሊቱን ሲነዘንዝ ያድራል? እማየ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ደረሰስ የልጅ አባት ሲሆን ጠባዩ ተሻሻለ? እኔ ቸሩ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ክፍሌ ያው ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ናት፤ ጠዋት እቀድሳለሁ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሮጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት የሚመጡት የገዳማችን መነኩሴ አባ ተክለሚካኤል በእጃቸው ያደርሱልሻል። በስልክ ያልነገርኩሽ ያንቺ ስልክ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እማየ ባለፈው ስትደውል፣ ጋሽ ይርዳው ለልደታ ሕፃኑን ክርስትና ሊያነሳልሽ ነው አለችኝ። ደሜ ፈላ። እኔንም ክርስትና ያነሳኝ እሱ አይደለም እንዴ? አባየ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሊጡን ለእሱ ሲሸጥ አንድ ቀን ዋጋ ጠርቶ አያውቅም። ከአበልጅ ጋር መከራከር ነውር ነው ይል ነበር። ይርዳው በየዓመቱ የውጭ ገበያ ወደቀ እያለ የፈለገውን ሰጠው፤ በመጨረሻ በሬዎቹ ተሸጡ፣ መሬቱም ለይርዳው በኪራይ ሄደ። አባየ በገዛ መሬቱ ዘበኛ ሆኖ ሞተ። አንቺ ይህን ረስተሽ አይመስለኝም፤ ግን አራስ ሰው ልቡ ይራራል።

ነጋዴ ልትሆን ነው ወይ እያልሽ የምትስቂበት ትምህርቴ ይህን ነገር ገልጦ አሳየኝ። ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ ስንማር መጀመሪያ የሚነግሩን፣ አገር ሁሉ የሚያዋጣውን እያመረተ ቢለዋወጥ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል የሚለውን ነው። እውነት ነው። ግን ትርፍ አገር ገባ ማለት የገበሬው ቤት ገባ ማለት አይደለም። አንድ ቀን አስተማሪያችን ሻጩ ብዙ፣ ገዢው አንድ ሲሆን ዋጋውን ማን ይቆርጣል ብላ ጠየቀች። እኔ የታየኝ ይርዳው ነጠላውን አጣፍቶ የሰው ልጅ ታቅፎ ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ ነው። እስቲ ቁጠሪ፣ በእኛ ሰፈር ሰሊጥ ከሚያመርተው ውስጥ ልጁን ለይርዳው ያልሰጠ ማን አለ? ሌላው ነጋዴ ገበሬን በሚዛን ያታልላል፤ እሱ በጥምቀት አሰረን።

አሁን ደስ የሚልሽን ላውራሽ። ይርዳው ለፋሲካ እዚህ ኢየሩሳሌም ተሳላሚ ሆኖ መጣ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግቢ ድረስ መጥቶ፣ ልጄ ቋንቋ አላውቅም፣ አፍ ሁነኝ አለኝ። ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር ሃጊት የምትባል ሴት ሰሊጥ እየፈጨች ጠሂና የምትሠራበት ቤት አላት፤ እዚህ ሰው ያለ ጠሂና እንጀራ የሚወርድለት አይመስልም። በደላላ ሳይሆን በቀጥታ ሊሸጥላት ነው። ከመቀመጣችን ለሁለቱም በየቋንቋቸው፣ የተባለውን ሁሉ አስተረጉማለሁ፣ አልጨምርም አልቀንስም ብዬ ተናገርኩ። እሱ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የክርስትና ልጅ አባቱን ያጋልጣል ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

ሃጊት ናሙናውን አሽትታ፣ ቀምሳ ወደደችው። የሚጫነው ሁሉ እንደዚህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ይርዳው ፈገግ እያለላት ለእኔ በአማርኛ፣ አዎ በላት፣ ከላይ ከላይ የዘንድሮው ነው፣ ከሥር የአምናው አለበት፣ ፈረንጅ ምን ታውቃለች አለኝ። እኔም ሁሉንም ነገርኳት፤ ፈረንጅ ምን ታውቃለች የምትለዋን እንኳ አላስቀረሁባትም። ሴትዮዋ የናሙናውን ከረጢት አስራ መለሰችለትና ተነሳች።

ምን አለች ሲለኝ፣ ያሉትን ሁሉ ሰምታለች አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ውጭ ከወጣን በኋላ፣ የክርስትና ልጅ አባቱን ይሸጣል ወይ ብሎ ጮኸብኝ። አባቴንማ የሸጡት እርስዎ ነዎት አልኩት። እትየ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባ ተክለሚካኤል ሰምተው፣ ዲያቆን ቂም አይዝም ብለው ተቆጡኝ። ንስሐ እገባለሁ አልኳቸው፤ መቼ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

ደስታዬ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። ስለ ቀረጥ ስንማር፣ ቀረጡ የሚጠየቀው ነጋዴው ቢሆንም የሚሸከመው መሸሻ የሌለው ነው ተባልን። ያን ጊዜ ቀዘቀዝኩ። ይርዳው እዚህ ያጣውን እዚያ ሲደርስ ከማን ላይ ያወጣዋል? ከእናንተ ነዋ። የመታሁት እሱን መስሎኝ፣ በትሩ ዞሮ ያንቺ ጀርባ ላይ ሊያርፍ ነው። ያንቺ ሰሊጥ ደግሞ እሱን እየጠበቀ እስካሁን በጆንያ እንደተከመረ ነው።

ስለዚህ መሸሻ ይኑርሽ። ሃጊት ስወጣ ጠርታኝ፣ የእናንተ የገበሬዎች ማኅበር ራሱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሰሊጥ ቢልክ አየዋለሁ ብላኛለች። ቃል አልገባችልኝም፤ ቢሆንም ለማኅበሩ ንገሪ። ሕፃኑን ግን ለሸማኔው ለስሜነህ ስጪው። ደግ ሰው ነው፣ ከአንቺም የሚገዛው ነገር የለም። ሰው ምን ይላል ትያለሽ። ይበል። አባየ ሰው ምን ይለኛል ሲል ነው ያለቀው። ይርዳው ከኢየሩሳሌም የገዛውን መስቀል ይዞ ቢመጣ መስቀሉን ተሳለሚ፣ ልጁን አታስታቅፊው። ስለ ሰሊጡ ከጠየቀሽ ዓይኑን እያየሽ ዋጋ ጥሪለት፤ ከቀነሰብሽ ጆንያሽን እንዳሰርሽ ተቀመጪ። አጉል ወንድም፣ በቀሉን በእኔ እጅ ሊወጣ ፈለገ ካልሽኝም እውነትሽን ነው፣ ፈልጌያለሁ። በቀሌ ያላንቺ አይሞላም።

እማየን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ደረሰን፣ ዓይኑን ከልጁ አይንቀል በይው። ሕፃኑን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ስሙን ስታወጡለት ቶሎ አሳውቁኝ። ስሜነህን በብዙው ሰላም በይልኝ። ለጋሽ ይርዳው ሰላምታ አልላክሁም። ከጠየቀሽ፣ ረስቶት ነው እንዳትይው።

ወንድምሽ ዮቤል
ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.