ምንም የማያስታውሱ ሳጥኖችና በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ

ይድረስ ለሕንፃ ደኅንነት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ከራስዎ በላይ ላለው ጣሪያም ጽናትን ከልብ እመኛለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ስለካ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ አራት ጊዜ በውስጥ የጻፍኩልዎት ማስታወሻ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ፣ በአደባባይ ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በየጠረጴዛችን ላይ ስላስቀመጡልን ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ድሮ ኮምፒውተራችን የሠራነውን በሆዱ ይይዝልን ነበር። አዲሱ ሳጥን ግን ስክሪናችንን ምድር ቤት ካለው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር ከማገናኘት በቀር የራሱ የሆነ ነገር የለውም፤ ሰርቨሩ ያልተቀበለው ሥራ ሁሉ ስንወጣ ይጠፋል፣ በማግስቱም እንደ አዲስ የተወለደ ገጽ ይጠብቀናል። ሌባም ቫይረስም የሚወስደው ነገር እንደማያገኝ አልክድም። እኛም አላገኘንም።

ሁለተኛ፣ የልኬት ቁጥር የሚጸናው የክፍሉ ኃላፊ በዚያው ቀን ሲያጸድቁት ብቻ እንደሆነ መመሪያዎ ይደነግጋል። ኃላፊያችንን ለአሥር ሳምንት ሥልጠና የላኳቸውም፣ በቦታቸው ሰው ያልወከሉትም እርስዎ ነዎት። እኔ በየሰኞው እንድከታተለው በተመደብኩበት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ እየለካሁ አስገባ ነበር፤ ገጹ «ተቀብያለሁ» ይለኛል፣ እኔ ሞኙም አምኜው እወጣለሁ። ያልጸደቀው ቁጥር ግን አብሮኝ ወጥቶ ይጠፋል። ሰርቨሩ ደግሞ ባዶ ቦታ ስለማይወድ፣ ኃላፊው ከመሄዳቸው በፊት የጸደቀችውን ቁጥር እየደገመ ይሞላል። በዚህም ምክንያት ሁለት ሚሊሜትር የነበረው ስንጥቅ ሰባት ሲደርስ፣ በሪፖርቱ ላይ አሥር ሳምንት ሙሉ ሁለት ነው። ከሥሩ «ስንጥቁ ቆሟል» የሚል መደምደሚያ፣ ከመደምደሚያውም ሥር የእኔ ስም አለ። ይህንን ያወቅሁት በስንጥቁ ምክንያት ተዘግቶ የነበረው ፎቅ በዚሁ ሪፖርት ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ አቤት ስል የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ «ጋሼ፣ ሰርቨሩ ሁለት ካለ ሁለት ነው፤ እስቲ ግድግዳውን እንደገና ይዩት» ብሎ መክሮኛል። ምክር መስማት ደግ ነውና ሄጄ አየሁት። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ «ጋሼ፣ ጠዋት የጠረግኩትን አሸዋ ከሰዓት ደግሜ እጠርጋለሁ፤ ይኼ ግድግዳ እየተፈጨ ነው እንዴ?» ስትለኝ፣ ሰርቨሩ አልተፈጨም ብሏል ብዬ ለማጽናናት አፍሬ ሜትሬን ዘረጋሁ።

አራተኛ፣ ወረቀት አልባ መሥሪያ ቤት እንሁን ብለው ማስታወሻ ደብተሮቻችንን ስላሰበሰቡ፣ ስንጥቁ በየሳምንቱ የደረሰበትን ጫፍ ከነቀኑ የጻፍኩት እዚያው ልስኑ ላይ በእርሳስ ነበር፤ የሙያችን የቆየ ልማድ ነው። አሥር ምልክቶች፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ወደ ጣሪያው ይወጡ ነበር። ባለፈው ሐሙስ በነጭ ቀለም ተሸፈኑ፤ ትእዛዙ ከቢሮዎ መውጣቱን ቀለም ቀቢው ራሱ ነገረኝ። ለንጽሕና ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሳየው ግን አዲሱ ቀለም ከታች እስከ ላይ ተከፍሎ አገኘሁት።

አምስተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ልመና ግን አለኝ። በዚያ ክፍል በየፈረቃው መቶ ሠላሳ ልጆች ይቀመጣሉ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ፎቁ ይዘጋ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ነገሩ ከሆነ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ማቋቋም ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ መሆን ነው። ያ ኮሚቴ ሳጥኖቹን ቢከፍት ምንም አያገኝም፤ ሰርቨሩን ቢጠይቅ «ሁለት» ይለዋል፤ ጥፋተኛ ቢፈልግ ደግሞ ስሜ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለወላጆች በእጄ አድያለሁ፤ መመሪያዎን በመጣስ በወረቀት።

መልስዎን ቆሜ የምጠባበቅ፣ ከግድግዳው ግን ራቅ ብዬ የምቆም፣ ሁለትን ከሰባት ለይቼ የማውቅ

ታዛዥ መሐንዲስዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ቅዳሜ የሳጥኖቹን ስኬት ለማክበር ሁለት መቶ እንግዶች በዚያው ቤተ መጻሕፍት እንዲሰበሰቡ መጥራትዎን ሰምቻለሁ። እኔ አልመጣም። ጥሪውን የማይሰርዙት ከሆነ ግን፣ የገቡትን እንግዶች ስም ዝርዝር እባክዎ በወረቀት አስጽፈው ከግቢው ውጭ ለሚቆም ሰው ይስጡልኝ፤ ማን ውስጥ እንደነበረ ስንጠየቅ ሰርቨሩ «ሁለት» እንዳይለን።