የኦመር ፈረስ ትንፋሽ

ልጄ ሰብለ፣ ከዚህ በታች የምጠይቅሽ ሁሉ ስለ ፈረስ መሆኑን አስቀድመሽ ተረጂልኝ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? የቢሾፍቱ አየር ተስማማሽ? እኔ፣ እንደ ሱዳኖቹ አባባል፣ ከዊስ ነኝ። ሰፈራችን ዴምም እንደ ተውሽው ነው፤ የጎደልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ጎረቤታችን ኦመር የካሮ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አለው። የሃቡቡ ነፋስ አቧራውን ካመጣብን ወዲህ ፈረሱን ያስለዋል። ሐኪም የትንፋሽ ቧንቧውን የሚያሰፋ፣ በአፍንጫው የሚነፋ መድኃኒት ሰጠው። ቆሞ ሳለ ትንፋሹ ይቀለዋል፤ ጭነት ሲጎትት ግን ጎኑ እንደገና ይርገበገባል። ነገሩን በደንብ ለማስተዋል ብዬ እስከ ካርቱም ሁለት ሰፈር ከጎኑ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ቆም ስንል ኦመር ሳቀና፣ «ያ ኡስታዝ፣ ፈረሱስ መለስ ብሎለታል፤ አሁን ማንን ነው የምንጠብቀው? ያላ፣ እንሂድ!» አለኝ። ቀልድ ይወዳል።

አንቺ የእንስሳት ሐኪም ነሽና በቅደም ተከተል አስረጂኝ። መድኃኒቱ ቧንቧውን ካሰፋለት፣ ሲንቀሳቀስ ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል? በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢራመድ ይበረታል ወይስ ይብስበታል? ሲተኛስ ሁለት ትራስ ቢደራረብለት ይሻለዋል?

ክፍልሽ ፎቅ ላይ ስለሆነ ሰሞኑን የሚጠርግልኝ ኦመር ነው። መጻሕፍትሽን ግን እንዳይነካ ነግሬዋለሁ፤ አንቺ ባስቀመጥሽበት ይጠብቁሻል።

ለፋሲካ እመጣለሁ ማለትሽን አልረሳሁም። እስክንተያይ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ፈረሱ እስከ ፋሲካ ይደርስ እንደሆነ ግን እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

አባትሽ ጉግሳ